ወፍ የለም!

«ወፍ የለም» የሚለውን አነጋገር የፈጠረው የአራዳ ልጅ ማን እንደሆነ ባውቅ፣ ክንዱን ይዤ ሱሉልታ ሜዳ መሃል አቆመውና «በል እስቲ አሁን ድገመው» እለው ነበር። እሱ እቴ! ነገሩ አልሆነም፣ ቀርቷል ለማለት ነው እንጂ ወፍ ቆጥሮ አያውቅም። የምቆጥረው እኔ ነኝ። በ72 ዓመቴ፣ ጉልበቴ ደረጃ ማየት በጠላበት ሰዓት፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተቀሰቀስኩ ሣር ውስጥ ወፍ መኖር አለመኖሩን እንድመሰክር ተፈርዶብኛል። ዳኛው የልጅ ልጄ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

የጣጣው መነሻ ዴንቨር ነው። እዚያ ያለው ልጄ ለእህቱ ልጅ ካሜራ ላከለት። ካሜራው እንኳ መዳፍ የሚሞላ ነው፤ ጉዱ ሌንሱ ነው። 600 ሚሊ ሜትር ነው ይሉኛል፤ እኔ የማየው የቡና ሙቀጫ ነው። ዋጋውን ብጠይቅ «አባባ፣ ባይሰሙት ይሻላል» አለኝ። አያያዙንማ አታንሱት፤ እሱ ራሱ ሲወለድ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቀን አላቀፍነውም።

አንተ ምን ቤት ነህ ትሉኝ እንደሆነ፣ መኪናዋ የእኔ ናት። የቮልሴ ማርሽ ከእኔ በቀር ለማንም አይገባም። ወፍ ደግሞ ሰው ሲያይ ይበራል እንጂ የቆመ መኪና ሲያይ ግድ የለውም፤ የሚያስበረግገው ሁለት እግር ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ሞተር ይጠፋል፣ መስኮት ዝቅ ይላል፣ ሌንሱ መስኮቱ ላይ ይደገፋል፣ ከዚያ ዝም ነው። ማስደገፊያው ጥሬ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ነው፤ ሌንሱ እንዳይንቀጠቀጥ አቅፎ ይይዘዋል። ባለቤቴ ለሽሮ ያስቀመጠችው 3 ኪሎ ሽምብራ የት እንደገባ ሁለት ሳምንት ስትፈልግ ከረመች። ያገኘችው ቀን አንዴ ከረጢቱን፣ አንዴ እኛን እያየች፣ «እኔ የማውቀው የወፍ በሽታ ዓይን ቢጫ ሲያደርግ ነው፤ እናንተን ግን ጭንቅላት ላይ ወጣባችሁ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። መልስ አልነበረንም።

መጀመሪያ የተጣላነው በጋቢ ነው።

«አባባ፣ ጋቢውን ቢያወልቁት።»

«ጋቢው ምን አደረገህ?»

«ነጭ ነው። ከሩቅ ያስደነግጣቸዋል።»

በዚህ አገር ወፍ ነጭ ጋቢ ሳያይ የዋለበት ዘመን አለ? አያቱም ቅድመ አያቱም ነጭ ለብሶ ከሚያርስና ነጭ ለብሶ ከሚያስቀድስ ሰው ጋር የኖረ ፍጥረት፣ ዛሬ የእኔ ጋቢ ብርቅ ሆነበት? የሚያስደነግጠውስ ያንተ ሙቀጫ ነው! እንዲህ ብዬ ተከራከርኩ፤ ተረታሁ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በኅዳር ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። እዚያ ላይ ጋቢዬን ገፍፎ አረንጓዴ ጃኬት አለበሰኝ። በጎጃም መንገድ የሚያልፍ አንድ ሹፌር የጥበቃ ሠራተኛ መስዬው መኪና ማቆም ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ይቻላል አልኩት፤ ምን አገባኝ።

ወደ ወፎቹ ልምጣ። 34 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። የያዝኳቸው ፋይሎች ሁሉ ቡኒ ነበሩ፤ ግን ጀርባቸው ላይ ቁጥር ነበራቸው። የሣር ሜዳ ወፍም ቡኒ ነው፤ ቁጥር ግን የለውም። ሲስቲኮላ የሚባል ዘር አለ፤ የትንሿ ክብደት 10 ግራም ቢሞላ ነው፣ ሽንኩርት ገዝታችሁ ሚዛን ላይ ብትጨመር ባለሱቁ አያስተውላትም። ወደ 50 የሚጠጉ ዓይነቶች አሏት፣ አብዛኞቹም አፍሪካ ውስጥ ናቸው። በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መጽሐፍ አለው፤ ገልጬ ሳይ ያው ወፍ ደጋግሞ የተሣለ መሰለኝ። «ልዩነታቸው በመልክ አይደለም፣ በድምፅ ነው» ይለኛል። ወደ ሰማይ ትወጣና እየዘለለች «ዚት፣ ዚት» ትላለች አሉ። አሉ ነው እንግዲህ፤ ጆሮ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያጣው እንዲህ ያለውን ቀጭን ድምፅ ነው። እሱ አንገቱን አቅንቶ በደስታ ሲቃጠል፣ እኔ የምሰማው የጭነት መኪና ነው። ፈረንጆቹ ራሳቸው ሲታክታቸው «ትንንሽ ቡኒዎች» ብለው በጅምላ ያልፏቸዋል። የእኔ ልጅ ግን አያልፍም። አንዷን ለመለየት በሰከንድ 20 ፎቶ እያነሳ ይመጣና ሌሊቱን 900 ፎቶ ሲያጠፋ ያድራል።

ስማቸው ደግሞ ሌላው ንዴት ነው። «ያቺ ማን ናት?» እላለሁ። «ኤርላንገርስ ላርክ» ይላል። ኤርላንገር ማለት ከ120 ዓመት በፊት አገራችንን የዞረ የጀርመን ባሮን ነው። «ያስ?» ስል ሩፔል የሚባል ሌላ ጀርመን ይመጣል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ ጎንደር ድረስ ገብቶ የወጣ ሰው። በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ሣራችን ላይ የሚዘምር ወፍ ፓስፖርቱ የጀርመን! ቆቅና ጅግራ ሲሆን ስም አላጣንም፤ ይበላላ። ጭልፊትም ጫጩት ስለሚወስድ ስም አለው። የማይበላና የማይሰርቅ ወፍ ግን እኛ ዘንድ «ወፍ» ተብሎ ይቀራል።

ስለዚህ ራሴ መሰየም ጀመርኩ፤ የመዝገብ ቤት አመል አይለቅም። ሲስቲኮላን «ቁጥር አልባ» አልኳት። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓ መጥታ፣ ከላም እግር ሥር ዝንብ እየለቀመች ከርማ፣ ሚያዝያ ሲደርስ የምትመለስ ቢጫ ደረት ወፍ አለች፤ ጭራዋን እያወዛወዘች ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላምታ ትሰጣለች። እሷን «ዲያስፖራ» አልኳት። ዋናው፣ የልጅ ልጄን እንቅልፍ የነሳው፣ የእኔንም ወገብ የሰበረው ወፍ ግን «ማተበኛው» ነው።

ማተበኛውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ያ ሩፔል ነው፣ በዚያው አቆጣጠር በ1840። በእንግሊዝኛ ስሙ ላይ ሐበሻነቱና የጥፍሩ ርዝመት ተጠቅሷል፤ የኋላ ጥፍሩ ረጅም ነው፣ ሣር ላይ እንዲራመድ ይረዳዋል። ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ አገር የለውም። አንድ ስንዝር ገደማ የሚሆን ወፍ ነው፣ ከኋላ ካያችሁት እንደ ማንም ቡኒ ነው። ፊቱን ሲያዞር ግን ጉሮሮው የእርድ ቀለም ነው፤ ዙሪያውን ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ተጠምጥሞበታል። ማተብ ነው! እንግሊዝኛ ስሙን ያወጣለት ሰው ምን ያውቃል፤ ጥፍር ነው የታየው።

ችግሩ ማተበኛው ጀርባውን መስጠት ይወዳል። ኋላው ያሸሸዋል፣ ደረቱ ያስይዘዋል፤ ስለዚህ ሰው ባየ ቁጥር ዞሮ ይቆማል። አንድ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጀርባውን አይተናል። ከመዝገብ ቤት ወዲህ ያን ያህል ጊዜ ጀርባ የሰጠኝ የለም። ፀሐይዋ ከኋላችን፣ ብርሃኑ ወርቅ፣ ሰዓቱ ሦስት ሊሆን ነው፤ ሦስት ተኩል ካለፈ መሬቱ ይሞቅና አየሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ በዚያ ሌንስ ያነሳችሁት ወፍ ሁሉ ኩሬ ውስጥ የወደቀ ይመስላል። የልጅ ልጄ ትንፋሹን ይዟል። ወፉ ቀስ ብሎ ዞረ። ጉሮሮው ታየ። አፉን ለዜማ ከፈተ።

አስነጠሰኝ።

ጋቢዬን ማን አስወለቀኝ? ፍርድ ይኸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ዘዴው ተለወጠ። ፎቶው እንዲያምር ሌንሱ ከወፉ ዓይን ጋር እኩል መሆን አለበት አለኝ። የወፉ ዓይን ደግሞ ከመሬት አንድ ስንዝር አይርቅም። ይህ ማለት እኛ በደረታችን እንተኛለን ማለት ነው። «እኔ መኪና ውስጥ ልቅር» ብል፣ «አባባ፣ እርስዎ ነዎት መጀመሪያ የሚያዩት» ብሎ አሞኘኝ። እንዲህ ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ይህንንም ያውቃል።

ተኛን። እሱ ባለሦስት እግር ማስቆሚያውን ራቅ አድርጎ ተክሎት ነበር። የወተት ጀሪካን ያዘለች ሴት ወደ ገበያ ስታልፍ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። እስቲ በእሷ ቦታ ሁኑ፤ ሽማግሌ በአፍ ጢሙ ሣር ላይ ተደፍቷል፣ አንድ ጎረምሳ አጠገቡ ጥቁር ወፍራም ነገር ደቅኖ ተጋድሟል። ኡኡታዋን አቀለጠችው። ከየአቅጣጫው ሰው በዱላ ደረሰ። ቀና ብዬ «ደህና ነኝ፣ አካም ቡልታኒ!» ስላቸው ግማሹ አማተበ። ደስታቸው ግን አልቆየም፤ አንዱ ባለሦስት እግሩን አየ።

«መሬት ሊለኩ ነው!»

እናንተዬ፣ ከሞት ተነስቼ ወዲያው ቀያሽ ሆንኩ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለሦስት እግር ብረት ሜዳ ላይ ሲቆም መጨረሻው ምን እንደሆነ የማያውቅ ገበሬ የለም። «ወፍ ነው፣ ወፍ ፎቶ ልናነሳ ነው» ብንል ማን ይመነን? እኔስ ብሆን አምናለሁ? በመጨረሻ የእኔ እኩያ የሚሆን አባት ከዘራቸውን ተክለው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ሲምቢሮ? ወፍ?»

«አዎ፣ ወፍ።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«ታዲያ?»

ወደ ልጅ ልጄ ዞሬ «በል መልስላቸው፣ እኔም ስጠይቅህ ከርሜያለሁ» አልኩት። እሱ መልስ አልሰጠም፤ ካሜራውን ገልብጦ በስክሪኑ የማተበኛውን ጉሮሮ አሳያቸው። አባት ጎንበስ ብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። «ይሄማ የኛ ነው» አሉ። የት እንደሚጥል ነገሩን፤ መሬት ላይ፣ ሣር ሥር፣ ላም ካልረገጠችው አይታይም። ድርቆሽ ሲታጨድ ጫጩት እንዳይቆረጥ ልጆቻቸውን እንደሚያስጠነቅቁ ነገሩን። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያላነበብኩት ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነበር። ስሙን ብንጠይቃቸው «ሲምቢሮ» አሉ። «ያኛውስ?» «ሲምቢሮ።» እዚህ ላይ እንኳ ተመሳሰልን። ጎጆውን ላሳያችሁ ሲሉ ግን የልጅ ልጄ እምቢ አለ። ሰው የረገጠውን መንገድ ውሻና ቁራ ይከተላል፤ እናቲቱም ጥላ ትሄዳለች አለ። ወፍ ፍለጋ ሌሊት ያስነሳኝ ልጅ፣ ወፉ ያለበት ቤት ሲጠራ አልሄድም አለ! እንግዲህ ከዚህ ትውልድ ጋር ነው የምኖረው።

አሁን ዋናውን ቅሬታዬን ልናገር።

ያደግኩት ይፋት ቆላ ነው። ማሽላ ሲያፈራ እኛ ልጆች ወንጭፍ ይዘን ማማ ላይ እንውላለን፤ ሥራችን ወፍ ጥበቃ ነው። ወፍ መጠበቅ ያኔ ወፍን ማባረርና መምታት ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጄ «ወፍ እንጠብቅ» ሲለኝ ቃሉ ያው ሆኖ ነገሩ ተገልብጦብኛል። ግሪሳ እንደ ደመና ይመጣል። ከግሪሳው ሌላ ደግሞ ቡኒ፣ ዝንጉርጉር፣ መልከ ቢስ የሆኑ ወፎች በመንጋ እየመጡ የማሽላውን ራስ ሲለቅሙት ይውላሉ። ለእነሱ ምሕረት አልነበረኝም። እጄም ሳች አልነበረም፤ ይህን ለጉራ አይደለም የምናገረው፣ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

የማንነካው አንድ ወፍ ነበር፤ የመስቀል ወፍ። በየአገሩ የመስቀል ወፍ የሚባለው ይለያያል፤ የሱሉልታው ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ ነው፣ የእኛው ደግሞ እንደ ፍም የቀላ፣ ሆዱ ጥቁር ነበር። ከአደይ አበባ ጋር ብቅ ይላል፣ ላባውን ነፍቶ ይንሳፈፋል፣ ደመራው ከተለኮሰ ሳይቆይ ይጠፋል። የት ሄደ? አያቴን ስጠይቃቸው «ወደ አገሩ» ይሉኝ ነበር። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ የመስቀል ወፍ የሚባለውም ለዚህ ነው። እኔም ዴንቨር ያለውን ልጄን በስልክ ባገኘሁት ቁጥር በዚሁ ስም ስወጋው ኖሬያለሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ የልጅ ልጄ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አደረገልኝ። አንደኛው የመስከረም ነው፣ ጌጠኛው። ሁለተኛው ከዚያው ቁጥቋጦ ላይ የተነሳ ቡኒ፣ ዝንጉርጉር፣ መልከ ቢስ ወፍ ነው።

«ያው ነው አባባ።»

«ምኑ ያው?»

«ወንዱ በክረምቱ መራቢያ ጊዜ ይዋባል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ይለውጥና እንደ ሴቷ ቡኒ ይሆናል። የትም አልሄደም። በመንጋ ሆኖ እህል ይለቅማል። የናንተም ቀዩ ወፍ እንዲሁ ነው።»

ዝም አልኩ። እህል ይለቅማል! በመስከረም ቆሜ ያደነቅኩትን ወፍ በኅዳር ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ስለቅመው ኖሬያለሁ ማለት ነው። ስልሳ ዓመት ያለፈው ነገር ነው፤ ድንጋዩን ግን ያን ዕለት ሌሊት እንደገና ቆጠርኩት። ይህን ለማወቅ 72 ዓመት መጠበቅ ነበረብኝ? ወይስ ሳላውቀው ብሞት ምን ይጎድል ነበር? ፎቶ አንሺ ሁሉ እንዲህ ነው፤ የሰው እርጅና ላይ ቀስ ብሎ ይመጣና የኖረበትን ተረት ይነቅልበታል።

ተረቱ ከተነቀለ ደግሞ በትክክል ይነቀል ብዬ ዴንቨር ደወልኩ። «ልጄ፣ እስካሁን የመስቀል ወፍ ያልኩህን ይቅር በለኝ። የመስቀል ወፍ ለካ ካገሩ አይወጣም። አንተ ከእሱም ትብሳለህ» አልኩት። ስቆ ዝም አለ። በሳምንቱ እሑድ እሱም ፎቶ ላከልኝ፤ አጥር ላይ የቆመ፣ ጉሮሮው ቢጫ፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ክር ያለው ወፍ። «ማተበኛው! እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ?» ብዬ ጮህኩ። እሱ አይደለም አሉኝ። የአሜሪካ ሣር ሜዳ ወፍ ነው፣ ሚዶውላርክ ይባላል፤ ከእኛው ጋር የሥጋ ዝምድና የላቸውም። የኛው ከዚያች ሰላምታ ከምታበዛው ዲያስፖራ ወገን ነው፣ የእነሱ ደግሞ ከሌላ ቤተሰብ። ሁለቱንም ሣሩ ነው አንድ ልብስ ያለበሳቸው ይላል ሳይንሱ። እኔ ግን ለባለቤቴ ሳሳያት ያልኳት ሌላ ነው፤ «እይ፣ እዚያም ሆኖ ማተቡን አልበጠሰም» ነው ያልኳት። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ብዙ አየችው። አሁን ልጄ በየሳምንቱ እሑድ ይደውላል። ስለ ጤናዬ ሳይጠይቅ ስለ ወፉ ይጠይቃል፤ ይህም እንደ ሌላው በደል ይመዝገብልኝ።

የልጅ ልጄ ቀጥሎ ነገሌ ቦረና እንሂድ ይላል፤ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ለአንድ ላርክ! የሊበን ላርክ ይባላል፤ ቡኒ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ለሳይንስ የተገለጠው በ1975 ነው፣ እሱም እንደ አውሮፓውያን። ከሣሩ በላይ ተነስቶ ይዘምርና ወድቆ ይሰወራል፣ ቀሪው ጊዜ በእግሩ ሣር ለሣር መሮጥ ነው። ሜዳው እየታረሰና ቁጥቋጦ እየወረሰው ስለሄደ በአፍሪካ ዋና ምድር መጀመሪያ የሚጠፋው ወፍ ይህ እንዳይሆን የተፈራለት ነው። አርብቶ አደሮቹ ካሎ የሚሉት አላቸው፤ ለክፉ ቀን የሚታጠር የሣር ቦታ፤ በዚያ ውስጥ ሣሩ ሲያድግ ወፉም መሸሸጊያ ያገኛል። ይህን ሲነግረኝ «ቮልሴ ነገሌ አትደርስም» አልኩት። «ቀስ እያልን» አለኝ። ማርሹን ባስተምረው ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ሱሉልታም ቢሆን እንደነበረ አይደለም። ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጥቅምት ድርቆሽ የሚታጨድበት ሜዳ ነበር። ሰው ሁሉ «ባዶ ቦታ» ይለዋል፤ እኔም በጎጃም መንገድ ባለፍኩ ቁጥር እንዲሁ ስለው ኖሬያለሁ። አሁን ልጁ ባዶ ያልሆነውን ሁሉ አሳይቶኝ ሲያበቃ፣ ሣሩ በቆርቆሮ አጥር ይሸነሸን ገባ። ዓይኔ ቢደክምም ማተበኛውን ከሃምሳ ሜትር ከጀርባው እለያለሁ፤ ይህ ችሎታ በሠላሳ ዓመቴ ቢመጣ ምን ነበረበት? ባለፈው ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጀርባውን ያየንበት ቦታ አጥር ሆኖ አገኘነው። ወፉ ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ይዘምራል። እንዲህ ፊት ለፊት ቆሞ አያውቅም። ልጁ አነሳው፤ ጉሮሮው ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ማተቡም እንዲሁ፣ የቆርቆሮው ዝገትም እንዲሁ።

የቀረውን ሣር ለማየት ቅዳሜ እንመለሳለን። በጎጃም መንገድ የምታልፉ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ከመንገዱ ዳር አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ቆማ፣ ትንሽ አልፎ አንድ ሽማግሌ በደረቱ ሣር ላይ ተደፍቶ ብታዩ፣ አልሞትኩም፣ መሬትም አልለካም። አትጩሁ፣ ጡሩምባም አታሰሙ፤ ወፉን ታስበርሩብኛላችሁ።